የዘይቱ ውጤት

አባቴ የሞተር ዘይት የሚመረምረው በጣቱ ነበር። ሽሮ ሜዳ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ቮልስዋገኑን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ያቆምና ከሥሩ ገብቶ ቡሎኑን ይፈታል፤ ሳፋ ውስጥ የወረደውን ጥቁር ዘይት በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል አድርጎ ቀስ ብሎ ያሸዋል። አንዳች የሚቆረቁር ነገር ካገኘ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለስላሳ ከሆነለት «ተመስገን» ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ያ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ የሚይዝ፣ ከወንፊት በቀር ሌላ የዘይት ማጣሪያ ያልተሠራለት ስለ ነበረ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግድ ነበር። የእኔ ሥራ ባትሪ ይዞ ማብራት ብቻ ነበር። ጣቱ ምን እንደሚፈልግ የገባኝ ግን ብዙ ዘግይቶ፣ እኔም በሌላ አገር ሌላ ሞተር ሲያስጨንቀኝ ነው።

በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ሕክምና ለመማር ላይፕዚግ ገባሁ። ከሕክምናው በፊት በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተማርን። በዚያች ከተማ ጎዳናዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ትራባንት ነበር፤ 26 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥል፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ የሚንተከተክ ትንሽ መኪና። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የበርሊን ግንብ ሲከፈት ግን ከምዕራብ የሚመጡ ትልልቅ መኪኖች መታየት ጀመሩ። አንድ ምሽት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ከፊቴ ቆማ ሞተሯ ይሠራ ነበር። ጩኸት የለውም፤ ነገር ግን የእግሬ መሬት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከመቅጽበት ተሰወረች። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩና ያን ድምፅ ይዤው ቀረሁ።

የዚህ ዓይነት መኪኖች የራሳቸው የዘር ሐረግ አላቸው። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1975 450 ኤስ ኢ ኤል 6.9 የተባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር አወጣ። ቢ ኤም ደብሊው በ1985 ከስፖርት መኪናው ከኤም 1 የተወረሰውን፣ 286 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር የቤተሰብ መኪና ውስጥ አግብቶ ኤም 5 ብሎ ሰየመው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መርሴዲስ 500 ኢ የተባለችውን ሲሠራ ከሥራው ከፊሉ የተከናወነው በጎረቤቱ በፖርሸ ፋብሪካ ነበር። ሁሉም ለዓይን ከሐኪምና ከጠበቃ መኪና አይለዩም፤ አራት በር፣ ሰፊ ወንበር፣ የሕፃን ጋሪ የሚይዝ የዕቃ መጫኛ አላቸው። ልዩነታቸው ኮፈኑ ሲከፈት ነው። የእኔዋ ከእነዚህ ከጠቀስኳቸው አንዷ አይደለችም፤ የፋብሪካዋን ስም ማንሳትም አያስፈልግም፤ የምናገረው ስለ አንድ ድካም እንጂ ስለ አንድ ፋብሪካ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ2019 ልጆቼ ከቤት ወጥተው ሲያልቁ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያላትንና 141,000 ኪሎ ሜትር የተጓዘችውን ያቺን መኪና በ19,000 ዩሮ ገዛሁ። አዲስ በነበረችበት ጊዜ ዋጋዋ ከዚህ አምስት እጥፍ በላይ ነበር። ባለቤቴ «ርካሽ የሆነችው በምን ምክንያት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን የአገልግሎት ደብተሩን አገላብጬ ማኅተሞቹ ሁሉ በየቦታቸው መኖራቸውን አሳየኋት። ማኅተሞቹ በመካከላቸው 25,000 ኪሎ ሜትር እንደሚራራቁ አይቻለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላሰብኩበትም። ሻጩም «ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው» አለኝ። ያውቅ እንደ ሆነ ዛሬም ልፈርድበት አልችልም።

የዚህ ዓይነት ሞተር የሚያሳስበው በዚህ ነው። ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ ጋር የሚያያይዘውን ክንድ የእኛ አገር መካኒኮች ከጣሊያንኛ ወስደው ቢየላ ይሉታል፤ በቢየላውና በዘንጉ መካከል የሚገባውን ግማሽ ክብ ስስ ብረት ደግሞ ብሮንዚና። ብሮንዚናው ጤነኛ ሲሆን ብረት ብረትን አይነካም፤ በመካከላቸው ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ የዘይት ንጣፍ አለ፤ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በእርሱ ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስቶን በሰከንድ ከ130 ጊዜ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በቢየላው ላይ የሚያርፈው የውርወራ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጧት በብርድ ዘይቱ ገና ወፍራም ሳለ ነጂው ነዳጁን ቢረግጥ፣ ወይም ያረጀ ዘይት ቢሳሳ፣ ያ ንጣፍ ይቀደዳል። የውሃው ሙቀት ከተስተካከለ በኋላም ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ መሆኑን ብዙ ነጂ አያውቅም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙ ፋብሪካዎች የዘይት መለወጫውን ጊዜ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር አራዝመውት ነበር። ትርፉ ለመጀመሪያው ገዢ፣ ዕዳው ለሦስተኛው ነው።

ብሮንዚና ሲበላ መጀመሪያ ድምፅ የለውም። በጀርመን በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውንና ጭሱን ይመለከታል እንጂ የሞተሩን ሆድ አይከፍትም። ድምፅ የተሰማ ዕለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል፤ ዘንጉ ይቧጠጣል፣ ቢየላው ሊሰበርና የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ የሚናገረው ዘይቱ ነው። ትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ወደ ላቦራቶሪ ቢልኩት በውስጡ የሟሟውን ብረት በሚሊዮን እጅ ቆጥረው ይጽፉልዎታል፤ ብረቱ ከሲሊንደር፣ ሲሊከኑ ከአቧራ፣ እርሳስና መዳቡ ከብሮንዚና ነው። ለውስጥ ደዌ ሐኪም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የደም ምርመራ ማለት ነው።

እናም በ2019 የመጀመሪያውን ናሙና ላክሁ። እርሳስ፦ 6። በ2020፦ 19። በ2021፦ 34፤ መዳቡም አብሮ ከፍ ብሏል። ለኩላሊት ሕመምተኞቼ ዘወትር የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የክሬያቲኒን አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያስፈራው አቅጣጫው ነው። የእኔ ሦስት ቁጥሮች አቅጣጫቸው አንድ ነበር። ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩት፤ አጠፍኩትና ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ከታች አስገባሁት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። መኪናዋን ግን መንዳት አላቆምኩም፤ ሬዲዮውን ዘግቼ እያዳመጥኩ መንዳት ብቻ ጀመርኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከአንዴም ሁለቴ ለሕመምተኛ ተርቻለሁ። ደም እያየ ስምንት ወር የቆየን አንድ ሰውም «እንዴት ዝም ይላሉ?» ብዬ በቁጣ መናገሬን አስታውሳለሁ። እርሱ አንገቱን ደፍቶ «ፈራሁ» ብቻ ነበር ያለኝ። ያን ጊዜ መልሱ መልስ አልመሰለኝም ነበር።

በ2022 ጸደይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዕቃ በማመላለስ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ተመለከታት። ከዚህ አገር ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። «ዶክተር፣ ይህችን የመሰለች መኪና ሕልሜ ናት። የሚሸጧት ከሆነ 14,000 አለኝ» አለኝ። ገንዘቡን ያጠራቀመው በአራት ዓመት ነበር። ሞተሯ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «እስከ ዛሬ አስቸግራኝ አታውቅም» አልኩት። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ያሳፈረኝም ሐሰት አለመሆኑ ነው። ቃሉን መርጬ፣ መዝኜ፣ እውነት የሚመስለውን ብቻ ነበር ያወጣሁት። ቁልፉን ሰጥቼው አካባቢውን ዞሮ መጣ፤ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠርን።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሌሊት የሚመጣብኝ ሐሳብ ስለ ወጣቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ቮልስዋገኑን የሸጠው ያን ጊዜ ነው፤ እኔ የምሄድበት ካፖርትና ሻንጣ፣ ቤቱ የጎደለውም ብዙ ነገር ነበር። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ተስማምቶ ብሩን ሊቆጥር ሲል አባቴ እጁን ያዘውና «ሦስተኛው ሲሊንደር ሙቀት ይበዛበታል፤ ቫልቩ ሳይቆይ ሊያስቸግርዎ ይችላል» አለው። ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ የዚያን ሲሊንደር ጠባይ ያውቃል፤ ነጋዴው ግን አያውቅም ነበር። ከዋጋው 300 ብር ቀነሰ። ሰውየው ሲሄድ እናቴ ተቆጣች፤ «ማን ጠየቀህ?» አለችው። አባቴም «ባይጠይቀኝም ገደል አፋፍ ላይ የሚቆመው እሱ ነው» አላት። የ300 ብሩን ጉድለት በየት በኩል እንደ ሞላው አላውቅም፤ ካፖርቱ ግን ተገዛ።

ሐሙስ ማታ ለወጣቱ ደወልኩለትና ቤት እንዲመጣ ለመንኩት። ሦስቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ለመክፈቻና ለብሮንዚና መለወጫ ከ3,000 ዩሮ በላይ እንደሚያስፈልግ፣ ካልተከፈተ ግን ሞተሩ ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያም «እሑድ ዕለት ያውቁ ነበር?» አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ወረቀቶቹን ተመለከተ፤ አመሰገነኝና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ምስጋናው ትሕትና ነበር እንጂ ይቅርታ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «እኔስ ስንት ጊዜ አብሬህ በዚያ ፍጥነት ሄድኩ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ለካ በመሳቢያው ውስጥ የደበቅሁት የሞተሩን በሽታ ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ጋራዥ ወዳላቸው አንድ ያገሬ ሰው ሄድኩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከጣሊያን መካኒክ ሥር የተማሩ፣ ሰባ ሊሞላቸው የቀረቡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ወረቀቱን በመነጽር አነበቡና «ዶክተር፣ ይህን ይዘው አንድ ዓመት ቆዩ?» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልወቀሱኝም። ሞተሩን ማውረድ አላስፈለገም፤ ከሥር ተሸካሚውን ብረት አውርደው የዘይት ቋቱን ፈቱ። እኔም የዕረፍት ቀኔን ወስጄ እንደ ልጅነቴ ባትሪ ያዝኩላቸው። አሥራ ስድስቱ ግማሽ ብሮንዚናዎች በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ተደረደሩ። ላያቸው ግራጫ መሆን ነበረበት፤ በአምስቱ ላይ ግራጫው ተበልቶ የመዳቡ ቀይ ታየ። ዘንጉ ግን ንጹሕ ነበር፤ ጥፍራቸውን እየሳቡ ዳሰሱትና «ደርሰንበታል» አሉ። ሳይከፈት ቢቀር ምን ያህል ይቆይ እንደ ነበረ ጠየቅኋቸው። «እሱን እንኳ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ሕመምተኛ ሲጠይቀኝ እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አዲሶቹ ብሮንዚናዎችና አዲሶቹ ቡሎኖች ከሥራው ዋጋ ጋር 3,200 ዩሮ አስወጡኝ። ገንዘቡ ለዚያ ዓመት አዲስ አበባ ለእኅቴ ቤት ጣሪያ ቃል የገባሁት ስለ ነበረ ጣሪያው አንድ ክረምት ዘገየ። ይህንም ለእኅቴ ምክንያቱን ሳልሸፍን በስልክ ነገርኳት። «ለመኪና?» አለችና ዝም አለች፤ ዝምታዋም ተገቢ ነበር።

መኪናዋ ዛሬም ከእኔ ጋር ናት። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቷን እለውጣለሁ፤ ዘይቱ ሳይሞቅ አላስሮጣትም፤ በዓመት አንድ ጊዜም ጠርሙሱን እልካለሁ። ከጥገናው ወዲህ እርሳሱ ከ5 አልፎ አያውቅም። ወጣቱ አንድ ያገለገለች ቶዮታ ገዝቶ ሥራውን ይሠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሩቁ ነበር የሚሰግድልኝ፣ አሁን ግን ቀርቦ ሰላም ይለኛል። በክሊኒኬም አንድ ነገር ለውጫለሁ፤ ዘግይቶ የመጣን ሕመምተኛ «እንዴት ዝም ይላሉ?» አልለውም። «ምን ነበር ያስፈራዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ይነግሩኛል።

የላቦራቶሪው ደብዳቤዎች ከመሳቢያ ወጥተዋል። ያ የ2021ዱ ጭምር ሁሉም በቅደም ተከተል ከአገልግሎት ደብተሩ ጋር በአንድ አቃፊ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ገዢ ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።