የመዝገብ ቁጥር 21448

ሕግ መፈለግን የጀመርኩት በወረቀት ነው። ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ ቁጭ ብዬ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ስገልጥ እውል ነበር። የቆየ ዜና ሲያስፈልገኝ ደግሞ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የአዲስ ዘመንን ጥራዝ አስወጣለሁ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም.፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙ ናቸው። ነገሩ የሆነበትን ወር ያላወቀ ሰው ከዚያ ሁሉ ገጽ መሃል አንድ ዜና ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ሊያጎነብስ ይችላል። ያንን አቧራ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ሳላስበው ያነበብኩት ብዙ ነገር እዚያ ነው የተገኘው።

በኢንተርኔት መፈለግን ግን የተማርኩት የካ አባዶ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ገና አዲስ ነበር። ከመገናኛ በኮተቤ፣ በካራ አድርጎ የሚመጣውን ታክሲ ተሰልፈን እንጠብቃለን፤ ቤት ስንደርስ መሽቷል፤ ከእንጦጦ ሰንሰለት የሚወርደው ብርድም ደረጃው ላይ ይቀበለናል። ኔትወርክ ደህና የሚሆነው በረንዳው ላይ ስለነበር ጋቢ ተከናንቤ ስልኬን ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ። አቢሲኒያ ሎው የሚባለው ድረ ገጽ አዋጆችንና የሰበር ውሳኔ ቅጾችን በነፃ አስቀምጦ ነበርና ቅጾቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ አነባለሁ።

አንድ ማታ እትዬ መጡ። ከታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሴት ናቸው። ካራ አካባቢ ቤት ሊገዙ ተስማምተው፣ ምስክሮች የፈረሙበት የውል ወረቀት በፌስታል ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሕግ ትማሪያለሽ አይደል? ይሄ ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት ያቆመኛል?»

«እትዬ፣ እስኪ ዛሬ ማታ ልፈልግልዎት» አልኳቸው።

መልሱ የሰበር ውሳኔ ውስጥ እንደሚኖር ገምቻለሁ። ያኔ ይሠራ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ነበር፤ ውሳኔዎቹም ታትመው እንዲሠራጩ አዋጁ ራሱ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ «የቤት ሽያጭ ውል ህግ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። «ህግ»ን በሐመሩ ሐ፣ «ሽያጭ»ን «መሸጥ» እያልኩ ቀያየርኩት። አሁንም ምንም። ብዙዎቹ የቆዩ ሰነዶች ወይ የወረቀት ፎቶ ናቸው፣ ወይ ደግሞ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በቢሮዎቻችን ኮምፒውተሮች ላይ የድሮዎቹ ፎንቶች ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ዓይን አማርኛ ያነባል፤ መፈለጊያው ግን የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው።

የዚያን ማታ ያወቅኩት ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ፊደሉ ቢዘበራረቅም ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 አስታወስኩ፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መመዝገብ አለበት የሚለው ነው። ካወረድኳቸው ቅጾች መሃል ቅጽ 4ን ከፍቼ «1723» ብቻ ጻፍኩ። መጣ። የመዝገብ ቁጥር 21448፣ 1999 ዓ.ም. ችሎቱ በእንዲህ ያለ መንገድ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ሕጋዊ ውጤት የለውም ብሏል።

በረንዳው ላይ ብቻዬን «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ያ ደስታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን የለም። በዚህ አገር ያሉ ዳኞች ሁሉ የሚገዙበት ቃል አባዶ በረንዳ ላይ በእጄ መዳፍ ውስጥ ነበር። ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ለእትዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ሻጩን ይዘው ውልና ማስረጃ ይሂዱ፤ ሳይመዘገብ ብር እንዳይቆጥሩ» አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ሱስ ሆነብኝ። አንድ አዋጅ በአማርኛ 454/1997 ተብሎ በእንግሊዝኛው 454/2005 የሚባለው በዘመን አቆጣጠራችን ምክንያት መሆኑን ስረዳ፣ ጠፉ ያልኳቸው ስንት ሰነዶች ተገኙ! ሚዛን ሎው ሪቪው የሚባለውን የሕግ መጽሔት መጣጥፎች እዚያው በረንዳ ላይ አነበብኩ። ውሳኔ አግኝቶ ማቆም እንደማይበቃም ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ያው አንቀጽ 1723 በአዋጅ ቁጥር 639/2001 ተሻሽሎ ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ ብድር የሚደረጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውሎች ከምዝገባው ግዴታ ወጥተዋል። የቆየ ፍርድ ባገኘሁ ቁጥር በዚያው አንቀጽ ቁጥር ከዚያ ወዲህ የወጣውን መፈለግ ልማዴ ሆኗል።

ዛሬ እንደ እትዬ ያለ ሰው ሲመጣ ስልኩን ለራሱ ሰጥቼ ቁጥሩን እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ይችለዋል። የሚቀረው የአሳታሚዎቹ ድርሻ ነው፤ ፍርድና አዋጅ የምታወጡ ሁሉ፣ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን በዩኒኮድ አውጡልን።