212 ገጽ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ መሪ፣ ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል። ሰርቨሩ «ቦታ የለም» አለኝ። ከ64 ጊጋባይቱ ግን የተያዘው ሩብ ያህሉ ነው።

የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ላሰለጥን የአያቴን ደብተር ፊደል በፊደል ቆራርጬ፣ አጣምሜና አደብዝዤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን ምስል አድርጌዋለሁ። ደንግጬ ትልልቆቹን፣ ሙሉ ገጽ የተነሱትን 212 ፎቶዎች አጠፋሁ። ፕሮግራሙ 212 ፋይል ጽፎ ቆመ።

ያኔ ገባኝ። ኤክስት4 ገና ፎርማት ሲደረግ በየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ፣ ማለትም ፋይሉ የሚመዘገብበት አንድ መስመር፣ ይመድባል። ፋይሉ ገዘፈም አነሰም አንድ ይወስዳል። ያለቀው ቦታው ሳይሆን መዝገቡ ነው።

ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ በየ4 ኪሎባይቱ ብዬ እንደገና ፎርማት አደረግኩ። 4 ጊጋባይት ለአይኖዶቹ ብቻ ሄደ፤ ይሂድ።

ደብተሩን ራሱን ምስጥ ጨርሶታል። ደግነቱ የፋይሎቹ ስም የገጽና የመስመር ቁጥር አለው። ገጽ 1ን መገጣጠም ጀምሬያለሁ።