ደም የሚናገረውና የማይናገረው

በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ባለ ጊዜ የሐኪም ቤት ወረቀት እንደ ዳኛ ፍርድ ይነበባል። እኛም በአምስት ኪሎ ባለው ቤታችን ስለ ታላቅ እኅታችን ሕመም እንዲህ ያለውን ወረቀት ደጋግመን ስላነበብን፤ የደም ምርመራ ስለ ቈዳና ስለ አፍ ሕመም ምን እንደሚገልጽ ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ ወደድን።

ሕመሙ ሊከን ፕላነስ ይባላል። በ1869 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኢራስመስ ዊልሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው በዚህ ስም የገለጸው። በእጅ አንጓ ላይ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል፤ በጥቁር ሰው ቈዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቈር ብሎ ይታያል፤ እጅግም ያሳክካል። በአፍ ውስጥ በጉንጭ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ መስመር ይዘረጋል፤ በባሰ ጊዜም ይላጣል፤ ይቈስላልም። ከዚህ የተነሣ እኅታችን በርበሬን ተዉ። በአገራችን በርበሬን የተወ ሰው ማዕድን እንደ ተወ ያህል ነው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በቀረበ ጊዜ ጉርሻ እምቢ ቢሉ፤ ምክንያቱን ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ አልነበረም።

ሐኪም በዘነበ ወርቅ ወዳለው፤ አለርት ወደሚባለው ሐኪም ቤት ላካቸው። ይህ ቤት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት የተቋቋመ ሲሆን፤ ዛሬ ልዩ ልዩ የቈዳ ሕመም ይታይበታል። የሰፈራችን ሰው ግን የሰማው የቦታውን ስም ብቻ ነው፤ ከቅድስት ማርያም ደጅ ሲመለሱ እጅ ይነሷቸው የነበሩ ሁለት ወይዛዝርት መንገድ ለወጡ። የሥጋ ደዌ ራሱ መድኃኒት ያለው ሕመም ነው፤ ተዋሲውንም ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 አግኝቶታል። ሊከን ፕላነስ ግን ከሰው ወደ ሰው ከቶ አይተላለፍም፤ የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ እንደ ጠላት ቈጥረው ሲወጉት የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ደሙ እንመለስ። ፎሬውስና ቬስተርግሬን የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች ከ1918 እስከ 1921 ባሉት ዓመታት ባስፋፉት ዘዴ፤ ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ተጨምሮበት በቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ይቆማል፤ ቀዩም በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረደ ይነበባል። በሰውነት ብግነት ሲኖር ጉበት ፋይብሪኖጅን የሚባለውን አብዝቶ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ቀይ ሕዋሳት እንደ ተደራረበ ጠገራ ብር ተጣብቀው ፈጥነው ይዘቅጣሉ። በ1930 በኒውዮርክ በሳንባ ምች በሽተኞች ደም የተገኘው ሲ አር ፒ የሚባለውም እንደዚሁ የብግነት ምልክት ነው።

የእኅታችን ቍጥር 52 ሆኖ መጣ። በቤታችን ልቅሶ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ አንዱ ደማቸው ተመርዟል አለ፤ ሌላው ነቀርሳ ነው አለ። ወጣቱ ሐኪም ግን፤ «እመቤቴ፤ ይህ ቍጥር በሰፈሩ ውስጥ ጢስ እንዳለ ይነግረናል፤ የማን ቤት እንደሚቃጠል ግን አይነግረንም» አላቸው። የደም ማነስም፤ እርግዝናም፤ ዕድሜም ቍጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እርሳቸው ዘንድ የተገኘው መግል የያዘ መንጋጋ ጥርስ ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቍጥሩ 18 ሆነ፤ ቤተሰቡም ደስ አለው። ወረቀትን ከሰው አስቀድሞ ማመን የቢሮ ሰዎች ልማድ ነውና፤ እኅታችን፤ «ወረቀቱ ዳነ፤ አፌ ግን እንደ ነበረ ነው» ቢሉ የሰማቸው ጥቂት ሰው ነው።

ሕመሙን የለየው የሐኪሙ ዓይንና ከጉንጫቸው የተወሰደች ምስር የምታህል ሥጋ ናት፤ በአጕሊ መነጽር ስትታይ ነጭ ሕዋሳት ከቈዳው በታች እንደ መቀነት ተሰልፈው ተገኙ። ሊቃውንት በደምና በምራቅ ውስጥ ኢንተርሉኪን 6 የመሳሰሉትን ምልክቶች ይመረምራሉ፤ ነገር ግን እስካሁን ይህችን ቍራጭ ሥጋ የሚተካ አልተገኘም። ይህ ማለት ግን ደም መስጠት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ አፍን የሚያቃጥል የብረት ማነስ፤ ስኳር፤ በአንዳንድ አገርም ከዚህ ሕመም ጋር የሚገናኘው የጉበት ሕመም፤ ሄፓታይተስ ሲ፤ በደም ይታወቃሉ።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ በቍስሉ ላይ የሚቀባ ስቴሮይድ ግን ያበርደዋል። በአፍ ያለው ከመቶ ሰው በአንዱ ገደማ ከዓመታት በኋላ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ስለሚችል፤ እኅታችን በየስድስት ወሩ አፋቸውን ያሳያሉ። በቤታችንም ረቡዕና ዓርብ የሚሠራው ሽሮ ለሁሉም በርበሬ የሌለበት ሆኗል፤ ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ እርሳቸው ግን ከመሶቡ ዙሪያ ተመልሰው ተቀምጠዋል።