ሳይቀምሱ አለመውደድ

የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በሌላ ደብር የተማረም ቢሆን እዚያ ወርዶ ካላስመሰከረ ትምህርቱ ሞላ አይባልም። በእኛ ጊዜ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየመከተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሹን ይለምናል፤ ሲመሽ ይቀጽላል። ጾመ ድጓውን ሳይዘልቅ ወደ ድጓው አይሻገርም። ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ ከጉሮሮው እስኪዋሐዱ ዓመታት ይነጉዳሉ።

ከመካከላችን ዜማ እንቢ ያለውም ነበር። ብዙ ከደከመ በኋላ «የኔታ፣ ዜማው አልሆነኝም፤ ቅኔ ልሞክር» ይላል። የኔታም መርቀው ይሸኙታል። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ያቀናል። መቋሚያና ጸናጽል የማረከው ወደ ጎንደር በአታ ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የወደደው እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይገባል። ማንም አያፍርበትም፤ የተወውን ነገር አሳምሮ ያውቀዋልና።

አሁን አዲስ አበባ፣ ካፌ ውስጥ ነን። አንዱ ስልኩ ላይ ያሬዳዊ ዜማ ይከፍታል። ጓደኛው ግማሽ ደቂቃ ሳይሰማ «ኖት ማይ ከፕ ኦፍ ቲ» ይላል፤ «ለእኔ የሚሆን አይደለም» ማለቱ ነው። አባባሉ ጨዋ ነው፤ ነገሩን አያጣጥልም፣ የተናጋሪውን ዝንባሌ ብቻ ይገልጻል። ነገር ግን ጨዋታውን እዚያው ይዘጋዋል። ለመጽሐፉም፣ ለትምህርቱም፣ ለአገር ቤቱ ጉዞም መልሱ ይኸው ሆኗል።

ያ የተማሪነታችን ዘመን ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ለተማሪው ቁራሽ ይዛ ደጅ የምትወጣው ልጅ በለጋነቷ ስትዳር፣ ልቧ ፈቅዶ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ድግስ ይደገሳል። «አልወደድኩትም» ማለት ወላጅን ማዋረድ ነበር። የቀራት መውጫ መኮብለል ብቻ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ፤ የሁለቱንም ተጋቢዎች ፈቃድ ጠየቀ። ያለዕድሜ ጋብቻ በሕጉ ብቻ አልጠፋም። ቢሆንም ዛሬ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምትማር የዚያው አገር ልጅ፣ ለጠያቂዋ «አልፈልግም» ብላ ወደ ክፍሏ መግባት ትችላለች። በአማርኛ ብትለው፣ በእንግሊዝኛ ብታለዝበው፣ ይህ እናቷ ያላገኘችው ሀብት ነው።

ሁለቱን ዘመን ስመዝን የእሷ እንቢታ ሚዛን ይደፋብኛል። ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ እንቢ ለማለት መቅመስ የለበትም። ለዕውቀት ግን የቤተ ልሔሙ ሥርዓት ይሻላል። ወጣቱ ዜማ አልወድም ማለት መብቱ ነው፤ አንድ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ አድሮ ቢነግረኝ ግን ቃሉን ሳልከራከር እቀበለዋለሁ።