ስለ ቡልቡላ ወንዝና ስለ ሐይቁ ዳር ማረፊያ

በጋ በገባ ጊዜ ቤተሰብን ይዞ ከከተማ ጫጫታና ከሥራ ድካም ርቆ በውሃ ዳር ጥቂት ቀን ማሳለፍ በዛሬው ዘመን የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ይህም ልማድ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በግብፅ አገር፣ በአስዋን ከተማ ፊት ለፊት፣ በዓባይ ወንዝ መካከል ኤለፋንታይን የምትባል ደሴት አለች። በሰሜን ጫፏ ታላቅ ሆቴል ተሠርቶባታል፤ እንግዳውም በጀልባ ተሻግሮ ያድርበታል። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ የድሮው ካታራክት ሆቴል ይታያል። ነገር ግን በዚያች ደሴት ላይ ከሆቴሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በድንጋይ ተሠርቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው ደረጃ ነው፤ የጥንት ሰዎች የወንዙን ሙላት ይለኩበት ነበረ። ሙላቱ ሲያንስ ራብ፣ ከልክ ሲያልፍ ጥፋት፣ መጠኑን ሲይዝ ጥጋብ እንደሚሆን ያውቁ ስለ ነበር፣ ግብሩን የሚተምኑት ይህን ልክ አይተው ነው።

ይህን ማስቀደማችን የራሳችንን አገር ነገር ስናወራ ምሳሌ እንዲሆነን ብለን ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በሞጆና በመቂ በኩል አድርገን፣ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ቀድሞ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከተማ ደረስን። በሐይቁ ዳር ካሉት ደኅና ሆቴሎች በአንዱ ከነቤተሰባችን ሦስት ሌሊት አደርን። አልጋው ንጹሕ፣ አሳላፊዎቹ ትሑታን፣ ምግቡም ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ነበረ። ግቢው በአበባና በለምለም ሣር የተሸፈነ ሲሆን፣ ሣሩ ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ማለዳ ዓሣ አጥማጆች ከታንኳቸው ሲወርዱ፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ የዓሣውን ትራፊ ለመልቀም ዙሪያቸውን ይቆማል። ልጆቻችንም ባዩት ጊዜ «ካባ የደረበ ዳኛ ይመስላል» ብለው ሳቁ፤ እኛም የችሎት ጸሐፊ እንደ መሆናችን ነገሩ ደስ አሰኘን።

ሐይቁ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በምዕራብ በኩል ከጉራጌ ተራሮች መቂ፣ በምሥራቅ በኩል ከአርሲ ተራሮች ከታር እየወረዱ ይገቡበታል። ከአምስቱ ደሴቶች ታላቂቱ ቱሉ ጉዶ ናት። በሁለተኛው ቀን በሞተር ጀልባ ተሻግረን የደብረ ጽዮን ማርያምን ገዳም ተሳለምን። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው በዚች ደሴት አስቀምጠዋት እንደ ነበረ የቆየ ትውፊት ይናገራል። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ከስልጤና ከሐረሪ ጋራ የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በዳገቱም ላይ እርከን ሠርተው ያርሳሉ። በደሴቲቱ ላይ እንደ አስዋኑ ያለ ታላቅ ሆቴል አላየንም፤ ጸጥታዋና ታሪኳ ግን ለጎብኚ ይበቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቡልቡላ ወረድን። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ይህ ብቻ ነው፤ በአዳሚ ቱሉ በኩል አልፎ፣ ስሙን የሚጋራትን ከተማ ነክቶ፣ 60 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአብጃታ ሐይቅ ያልቃል። አብጃታም መውጫ የለውም። በድልድዩ አጠገብ፣ ግራር ጥላ ሥር፣ ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «ኦቦ፣ ወንዙ ሁልጊዜ እንዲህ ቀጭን ነውን?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ጌቶቼ፣ ልጅ ሳለሁ በሬው እየዋኘ ይሻገር ነበር፤ ዛሬ በበጋ ጥጃው ጉልበቱ ሳይርስ ያልፋል» አሉን።

የነገሩም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ከመቂና ከከታር፣ ከሐይቁና ከራሱ ከቡልቡላ ብዙ ውሃ ለመስኖ ይቀዳል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና አበባ ይበቅልበታል። ከአብጃታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ይሳብ ነበር። ስለዚህ አብጃታ ካለፈው ግማሽ መቶ ዓመት ወዲህ እጅግ ጎደለ፤ ጨውነቱም በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀድሞ ከጎረቤታቸው ከአብጃታ ጫጩቶቻቸውን ይመግቡ ነበር፤ ዓሣው ከጠፋ ወዲህ ግን እስከ ዝዋይ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ ማንን እንክሰስ? ሽንኩርት የሚያበቅለው ገበሬ ልጆቹን ማብላት አለበት። በ2013 ዓ.ም. በቡልቡላ የተመረቀው የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክም ለወጣቶች ሥራ ይሰጣል ተብሎ የታሰበ ነው። እኛም በሆቴሉ ለምለም ሣር ላይ የተቀመጥነው ከዚያው ውሃ ተካፋዮች ነን። በችሎት እንደምናየው፣ ባለጉዳዮች ሁሉ እውነት ይዘው ሲቀርቡ ፍርዱ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ክርክር ግን ጠበቃ ሳይቆምለት የቀረ አንድ ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም ወንዙ ራሱ ነው።

ስለዚህ ሥልጣን ያላቸው ወገኖች እንደ ጥንቱ የአስዋን ሰዎች አስቀድመው ወንዙን ለክተው ድርሻውን ቢተዉለት፣ የቀረውንም በልክ ለሰው ቢያካፍሉ መልካም ይመስለናል። የቤተሰብ አለቆችም ወደ ሐይቁ ዳር ሄደው ሲያርፉ ከአልጋውና ከማዕዱ ሌላ ልጆቻቸውን ይዘው እስከ ቡልቡላ ድልድይ ይውረዱ፤ የጠጡት ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያሳዩዋቸው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ በዘመናችን ግን እኛ እየተሳሳቅን ውሃውን እንዳንጨርሰው እንጠንቀቅ።