ቀለምና ብዕር ሲጣሉ

የቀለም ብዕር በደረት ኪሳችን ስንሰካ የተማርን መስሎን ነበር፤ ብዕር ከቀለምና ከወረቀት ጋራ መስማማት እንዳለበት ግን አላወቅንም።

አባታችን ይጁቤ የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ክረምቱን ለዕረፍት ከእሳቸው ዘንድ ሳለን ቀለማችን ቢያልቅ፥ ከቀለም ቀንዳቸው ቀድተን ብዕራችንን ሞላን። ሁለት መስመር ሳንጽፍ ተዘጋ። «ይህ የድሮ ቀለም!» ብለን ናቅነው፤ እሳቸው ዝም አሉ።

በመስከረም ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ የላክንላቸው ደብዳቤ ዝናብ ነክቶት ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ ደረሰ። መልሳቸው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ልጄ፥ ደኅና ነህ ወይ?» እሱንም ዝናብ አግኝቶታል፤ ጥቂት ቢደበዝዝም ይነበባል።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳን። የአባታችን ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ነው። ጥላሸት በውሃ አይሟሟምና ብናኙ ከብራናው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በቀጭኑ የብዕራችን ቦይ ግን አያልፍም። የመቃ ብዕር ቢዘጋ ይታጠባል፥ ቢደንዝ በቢላዋ ይቀረጻል። የፋብሪካው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በውሃ የሟሟ ነው፤ ስለዚህ እንደ ልብ ይፈሳል፥ ውሃም መልሶ ይወስደዋል። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ደግሞ እስከ ጀርባው ዘልቆ ሁለቱንም ገጽ ያበላሻል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ጫፈ ቀጭን ብዕርና ጠንከር ያለ ደብተር ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን ያለ ጓደኛው ያጋባነው የእኛ ነበር። አሁን ለክፍል ማስታወሻ የፋብሪካውን ቀለም እንይዛለን። ለአባታችን ስንጽፍ ግን መቃ ቀርጸን፥ ከዚያው ከናቅነው ቀለም እንነክራለን።