«መካኗ እሷ ናት» ያለው ማነው?

ቆቦ ያለ አንድ ጓደኛዬ ባገባ በሦስት ዓመቱ ልጅ ሲጠፋ፣ ዘመድ አዝማድ ጣቱን የቀሰረው ሚስቱ ላይ ነው። ጸበል፣ የባህል መድኃኒት… ስትንከራተት ከረመች። ፍታት ተብሎ ሁሉ ተመክሮ ነበር! «አንተስ ተመርምረሃል?» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ኋላ ሲመረመር የዘሩ ብዛት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

እናቱ ደግሞ «ወንድ ያበረታል» እያሉ ቅቤና ጮማ ይጭኑበታል። የራያ እናት፣ ምን ይደረግ! እንዲህ ያለ ቅባት ሲበዛ ግን ከዘር ማነስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሚመከረው አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ ነው። ዓሣው ቆቦ ላይ ይቸግር ይሆናል፤ የመስኖው ቲማቲምና ሽንኩርት ግን በአይሱዙ ተጭኖ ሲወጣ ቆመን የምናየው ነው። ሽሮና ምስሩም ከቤት አይጠፋም። ሲጋራና መጠጡን መተው ደግሞ ከምግቡም ይቀድማል። ታዲያ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደ 3 ወር ስለሚፈጅ የዛሬ ምሳ ነገ አይታይም።

ምግብ ሁሉን አያድንም፤ የተዘጋ ቱቦ በጎመን አይከፈትም! ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም እጅ አለበት። ምርመራውም ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፤ ሚስት ከምታየው አበሳ ሁሉ ይቀላል።